ያሸነፉት ሲከፉ

አንድ ተወዳጅ ተከታታይ ፊልም ቀጣይ ሲወጣለት፣ ገና አራተኛው ክፍል ሳይደርስ የሚሰጥ ፍርድ አለ። «እንደ ድሮው አይደለም» ይባላል። አዲሱ ልጅ አይወደድም፣ የድሮዎቹ ጀግኖች ተዋርደዋል፣ ታሪኩ ተወሳስቧል፣ ያ ሁሉ ደስታ የት ገባ? ይህን ያለ ሰው ፊልሙን የገመገመ ይመስለዋል። የለካው ግን የራሱን ናፍቆት ነው።

ይህ ፍርድ ካረፈባቸው ሥራዎች አንዱ በጃፓን ቴሌቪዥን ማርች 2 ቀን 1985 የጀመረው «ዜታ ጋንዳም» ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ፊልሙ አርባ ዓመት አልፎታል። ዛሬ በስልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፍተው ወጣትም ጥቂት ክፍሎች አይቶ ያንኑ ቅሬታ ያነሳል።

ቅሬታው መልስ ይገባዋል። የ«ዜታ» የመጀመሪያ ክፍሎች ተመልካቹን የሚያስከፉት ሥራው ስለተበላሸ አይደለም። የሚያስከፉት ያለፈው ታሪክ አሸናፊ በድሉ ምን እንደሠራበት ስለሚጠይቁ ነው። ተከታይ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ጥያቄ የሚበልጥ ሥራ የለውም። «ፖለቲካ ለማንበብ መጥቼ ካርቱን ምን ያደርግልኛል?» የሚል አንባቢ ጥቂት ይታገስ። በየአገሩ ከድል በኋላ የሚሆነውን ይህን ያህል በግልጽ የሚያሳይ የቴሌቪዥን ሥራ ብዙ አያገኝም።

ድሉና ማግስቱ

ሜካ የሚባለው የአኒሜ ዘርፍ፣ ሰው ውስጣቸው ገብቶ የሚነዳቸው ግዙፍ ሮቦቶች የሚዋጉበት ነው። እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ የዘርፉ ሕግ በአመዛኙ ቀላል ነበር። ክፉ ከውጭ ይመጣል፣ ሮቦቱ ይነሳል፣ ክፉው ይደመሰሳል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ክፉ ይመጣል።

ዳይሬክተር ዮሺዩኪ ቶሚኖ በኤፕሪል 1979 ያስጀመረው የመጀመሪያው «ጋንዳም» ከዚህ ወጣ አለ። በታሪኩ የሰው ልጅ ምድር ጠቦት ጠፈር ላይ ከተሞች ሠርቷል። ከእነዚህ ወገን የሆነው ዚዮን የሚባለው መንግሥት ነፃነቴን ብሎ በምድር ፌደሬሽን ላይ ጦርነት ያውጃል። ዚዮን የጠፈር ከተሞችን በመርዝ ጋዝ ይፈጃል፤ አንዱን ባዶ ከተማ እንደ ቦምብ ምድር ላይ ይጥላል። ከሰው ልጅ ግማሹ ያልቃል። በዚህ መሐል ነጩን ሮቦት ጋንዳምን እንዲነዳ የተገደደው ታዳጊው አሙሮ ሬይ፣ ገና ወጣት የሆነው የመርከቡ አዛዥ ብራይት ኖአ እና ጓደኞቻቸው ለፌደሬሽኑ ይዋጋሉ። በመጨረሻም ፌደሬሽኑ ያሸንፋል።

ፊልሙ መጀመሪያ ሲተላለፍ ብዙ ተመልካች አላገኘም። ለ52 ክፍሎች ታስቦ በ43ኛው በጃንዋሪ 1980 ተቋረጠ። ስሙ የገነነው በድጋሚ ሲተላለፍ፣ ባንዳይ የተባለው ኩባንያ ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴሎቹን ሲሸጥና በ1981 እና በ1982 በሦስት የሲኒማ ፊልሞች ተጠቅልሎ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ተከታዩ በ1985 ሲመጣ ተመልካቹ የሚጠብቀው ነገር ነበረው። አሙሮ ይመለሳል፣ ነጩ ጋንዳም ይነሳል፣ ዚዮን እንደገና ይመታል።

የቀረበለት የመጀመሪያ ክፍል ግን ርዕሱ «ጥቁሩ ጋንዳም» ነበር።

ሰባት ዓመት አልፏል። ጋንዳም አለ፤ ቀለሙ ግን ጠቁሯል፣ የያዙትም ታይታንስ የሚባሉ አዲስ ጦር ናቸው። ታይታንስ የዚዮንን ርዝራዥ ለማደን በሚል በፌደሬሽኑ ውስጥ የተቋቋመ፣ ከምድር ተወላጆች የተመረጠ ልዩ ጦር ነው። የራሱ ደንብ ልብስ አለው፣ የራሱ ማዕረግ አለው፣ ከመደበኛው ሠራዊት በላይ ነኝ ይላል። ተመልካቹ በፊተኛው ታሪክ 43 ሳምንት ሙሉ «በርታ» እያለ ያጀበው ወገን ሰባት ዓመት ተሰጥቶት የወለደው ይህን ነው።

ደጋፊው የሚያኮርፈው እዚህ ጋ ነው። ማኩረፉ ይገባል። ተመልካቹ ያጨበጨበለት መሣሪያ በሰላማዊ ሰው ላይ ተደግኖ ሲያይ ካላኮረፈ መች ሊያኮርፍ ነው?

«ልጁ አይወደድም»

የመጀመሪያው ክስ በዋናው ገጸ ባሕርይ በካሚል ቢዳን ላይ ነው። ካሚል የ17 ዓመት ተማሪ ነው። ግልፍተኛ፣ ተናካሽ፣ ለመወደድ ምንም ጥረት የማያደርግ። በመጀመሪያው ክፍል ጄሪድ የሚባል የታይታንስ ወጣት መኮንን በስሙ ያላግጣል፤ «ካሚል የሴት ስም መስሎኝ ነበር» ይለዋል። ካሚል በቡጢ ይለዋል፤ ይታሰራል። ከእስር ያመልጥና ጥቁሩን ጋንዳም ይሰርቃል። ሮቦቱ ውስጥ እንደገባም ሲመረምረው የነበረውን ወታደራዊ ፖሊስ አግኝቶ በመትረየስ ዙሪያውን እየተኮሰ ይስቅበታል።

ደጋፊው «ይህ ምን ዓይነት ጀግና ነው?» ይላል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ፊልሙም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ትናንት በስሙ የተዋረደ ልጅ ዛሬ ትልቅ መሣሪያ እጁ ሲገባ መጀመሪያ ያሰበው ነፃነትን ወይም ፍትሕን አይደለም፣ ያዋረደውን ሰው ማንቀጥቀጥ ነው። ሳቁ ያስፈራል፤ እንዲያስፈራም ነው የተቀመጠው። ለተበደለ ሰው አዝኖ በዚያው ትንፋሽ ከተበደለው ሰው እጅ መሣሪያ ሲያይ መደንገጥ እንደሚቻል ይህ ትዕይንት ያሳያል። ቆንጆና ጨዋ ጀግና የሚፈልግ ሰው ይህን ትምህርት አላስፈለገኝም እያለ ነው። ዜና የሚከታተል ሰው ግን ያ ሳቅ ከየት እንደመጣ ያውቀዋል።

«የድሮዎቹን አዋረዷቸው»

ሁለተኛው ክስ ይበልጥ ያማል። ጦርነቱን ያሸነፈችውን መርከብ የመራው ብራይት በአዲሱ ታሪክ የመንገደኞች መንኮራኩር አዛዥ ሆኖ ይመጣል። በሁለተኛው ክፍል የታይታንሱ መኮንን ባስክ ኦም እና ሰዎቹ ከበው ይደበድቡታል። የቀድሞው ባለጋራ ቻር አዝናብል ደግሞ ኳትሮ በሚል ስም፣ በጥቁር መነጽር ተሸፍኖ፣ ታይታንስን ከሚቃወሙት ጋር ተሰልፏል። የሁሉ ተወዳጅ አሙሮ እስከ 13ኛው ክፍል አካባቢ ከነአካቴው የለም። ሲገኝም በሰሜን አሜሪካ በሸይን ከተማ በትልቅ ቪላ፣ አሽከርና ገረድ ተሟልቶለት፣ በቁም እስር ነው። መንግሥት ልዩ ችሎታውን ይፈራል፤ ስለዚህ በምቾት ቀፍድዶ ያዘው።

«ጀግኖቻችንን አዋረዱብን» የሚለው ደጋፊ የስሞታውን አድራሻ ተሳስቷል። ያዋረዳቸው ጸሐፊው አይደለም። ያዋረዳቸው የተዋጉለት መንግሥት ነው፤ ጸሐፊው የጻፈው እውነቱን ነው። ጦር ሜዳ ላይ ያበራ ሰው ሰላም ሲመጣ ለቤተ መንግሥቱ ያስቸግራል። ሕዝብ ያውቀዋል፣ ይሰማዋል፣ ነገ ምን እንደሚል አይታወቅም። ስለዚህ አንዱን ከሥራው ዝቅ ያደርጉታል፣ አንዱን ቪላ ሰጥተው ዘበኛ ያቆሙበታል። ሐውልትና ጡረታ ለሞቱትና ዝም ላሉት ነው። ይህን የሚያሳይ ፊልም ጀግናን አላዋረደም። ጀግናን ያዋረደ ሰባት ዓመት እንዳልተነካ አድርጎ፣ ዩኒፎርሙን ተኩሶ ለጭብጨባ መልሶ የሚያወጣው ነው።

እንክብሏ

ሦስተኛው ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ይሆናል። «ዜታ»ን ለመገምገም የሚፈልግ ሌላውን ትቶ ይህን ብቻ ቢያይ ይበቃዋል።

ካሚል ጋንዳሙን ይዞ ወደ ተቃዋሚዎቹ መርከብ ገብቷል። ባስክ ኤማ ሺን የምትባለውን ወጣት የታይታንስ መኮንን ደብዳቤ አስይዞ ይልካታል። ኤማ ጨዋ ወታደር ናት፤ በተቋሙ ታምናለች። ደብዳቤው ሲነበብ ግን የዕገታ ደብዳቤ ሆኖ ይገኛል፦ ሮቦቶቹ ካልተመለሱ የልጁ እናት ትሞታለች። እናትየው በአንዲት ግልጽ እንክብል ውስጥ ተዘግታ ጠፈር ላይ ተለቅቃለች። ካሚል እናቱን ሊይዝ ሲበር፣ ያ በስሙ ያላገጠበት ጄሪድ እንክብሏን ፈንጂ መስላው ይመታታል። እናት በልጇ ዓይን ፊት ትሞታለች።

እዚህ ላይ ክፉው ማን ነው? ጄሪድ ውስጧ ሰው እንዳለ አያውቅም ነበር። ኤማ የተሸከመችውን አታውቅም ነበር። ሁለቱም የታዘዙትን ሠሩ። ወንጀሉ የተፈጸመው አንዱ ደብዳቤ፣ ሌላው ተኩስ፣ ሌላው ዝምታ እየተካፈለ ነው። ክፉ መንግሥት ክፉ ሰዎች ብቻ አይበቁትም፤ ጨዋ መልእክተኛም ያስፈልገዋል። ኤማ ይህን ካየች በኋላ ወገኗን ጥላ ወጣች። ጄሪድ ቀረ፤ በየክፍሉም እየከፋ ሄደ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ደንብ ልብስ ለብሰው ነው የጀመሩት። ልዩነታቸው የተፈጠረው እውነቱን ካወቁ ማግስት ነው።

ይህ ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆችና ለወጣቶች ይተላለፍ በነበረ ፊልም፣ በሦስተኛው ሳምንት መሆኑ አይዘንጋ።

ጋዙ

ቀጥለው ባሉት ክፍሎች ተመልካቹ አንዲት የሞተች የጠፈር ከተማ ውስጥ ይገባል። ነዋሪዎቿ እንዳሉ ደርቀዋል። ታይታንስ ፀረ መንግሥት ሰልፍ የወጣባትን ከተማ በመርዝ ጋዝ ፈጅቷታል፤ ነገሩም ከሕዝብ ጆሮ ተሰውሯል። ዚዮን በፊተኛው ታሪክ የሠራው ግፍ ይኸው ነበር፤ ያንን ግፍ ለመቅጣት የተነሱት እነዚህ ናቸው። መሣሪያው አንድ፣ ዘዴው አንድ፣ የተቀየረው ዓርማው ነው።

የመርዝ ጋዝ ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች በ1935 እና በ1936 በኢትዮጵያ ላይ አዘነቡት። የኢጣሊያ መንግሥት በይፋ ያመነው በ1996 ነው፤ ስድሳ ዓመት ቆይቶ። ስለዚህ «ጋዙንስ ተጠቀሙ፣ ግን ማን ያምናል?» የሚለው የፊልሙ ክፍል እዚህ አገር እንደ ልብ ወለድ አይነበብም።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚል ተረት አለ። ተረቱን ብዙ ሰው የሚጠቅሰው እጁን አጣጥፎ ለመቀመጥ ነው። «ዜታ» ግን ከተረቱ አንድ እርምጃ ይሄዳል። ወጡ ለምን እንዳልጣፈጠ ይመረምራል። አሸናፊው በጠላቱ ግፍ የጸደቀ መሰለው፤ «እነሱ ያን ስላደረጉ እኛ የምናደርገው ሁሉ ትክክል ነው» አለ። ጠላት ሲጠፋ ደግሞ ጠላት አዳኙ ጦር ሥራ ፈት እንዳይሆን ጠላት ይፈለግለታል። ይህ ከፊልሙ ውጭ ስንት ቦታ እንደታየ አንባቢ በራሱ ይቁጠር።

በ12ኛው ክፍል አካባቢ ደግሞ ይብሳል። ተቃዋሚዎቹ ጃቡሮ የሚባለውን የፌደሬሽኑን ዋና ምሽግ ያጠቃሉ። ታይታንስ ቀድመው ወጥተዋል፤ ትተው የሄዱት የኒውክሌር ቦምብና ምንም ያልተነገራቸውን የራሳቸውን መንግሥት ወታደሮች ነው። በእነዚያ ወታደሮች ሕይወት ላይ የተወሰነው በገዛ ወገናቸው ነው።

«አሻንጉሊት ለመሸጥ ነው»

ብልጥ ነኝ የሚለው ተከራካሪ ሌላ ያመጣል። «ይህ ሁሉ የፕላስቲክ ሮቦት ለመሸጥ የተሠራ ማስታወቂያ ነው፤ ፖለቲካ አታስመስሉት።»

ሞዴሎቹ መሸጣቸውን ማንም አይክድም። የ«ጋንዳም» ስም የኖረው በእነሱ ገንዘብ ነው። ግን ማስታወቂያ ሠሪ ቢሆን ምን ያደርግ እንደነበር እናስብ። የሚሸጠውን ሮቦት በጀግናው እጅ፣ በመጀመሪያው ክፍል፣ ሙዚቃ ታጅቦ ያወጣዋል። «ዜታ» ግን የሚታወቀውን ስም በገዳዮች እጅ አሳልፎ ሰጠ። የፊልሙ ርዕስ የሆነው ዜታ ጋንዳም ራሱ የመጣው በ21ኛው ክፍል ነው፤ ካሉት 50 ክፍሎች ወደ ግማሹ ሲደርስ። ገንዘብ ከፋዩ ያዘዘውንና ሠሪው የሚለውን በአንድ ሳጥን ማድረስ ጋዜጠኛም፣ ሠዓሊም፣ ዘፋኝም የሚያውቀው ትግል ነው። ከሳጥኑ ውስጥ የወጣውን ሳያይ ሳጥኑን የሚሰድብ ተቺ ብልጥ አይደለም።

ሲሸሹት ምን ይሆናል?

ለናፍቆት መገዛት ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ ሌላ ተከታይ አለ፤ በኦክቶበር 2004 የጀመረው «ጋንዳም ሲድ ዴስቲኒ»። አጀማመሩ ደፋር ነው። ሺን አስካ የሚባል ልጅ ከጦርነት ሲሸሽ ወላጆቹና ታናሽ እህቱ በተባራሪ ምት ያልቃሉ። ቀና ብሎ ሲያይ ከላይ የሚዋጋው የፊተኛው ታሪክ ጀግና ሮቦት ነው። የጀግና ውጊያ ከታች ላለው ሰው ምን እንደሆነ በሁለት ደቂቃ ተነገረ። ነገር ግን ታሪኩ እየገፋ ሲሄድ ወደ ድሮው ተወዳጅ ወደ ኪራ ያማቶ ዞረ፤ ሺን ጥያቄውን እንደያዘ ወደ ጥግ ተገፋ። ደጋፊው የፈለገውን አገኘ። የልጁን ክስ ግን የመለሰለት የለም።

በተቃራኒው በኦክቶበር 2008 የተመለሰው የ«ጋንዳም 00» ሁለተኛ ምዕራፍ የ«ዜታ»ን መንገድ ተከተለ። በፊተኛው ምዕራፍ ጀግኖቹ ጦርነትን በጦር መሣሪያ ሊያጠፉ ተነስተው ነበር። ሁለተኛው ሲከፈት ዓለም በእርግጥ አንድ ሆናለች፤ የአንድነቱ ዘበኛ ግን ኤ-ሎውስ የሚባል ጦር ነው። በመጀመሪያው ክፍል በሐሰት ተከሶ ጠፈር ላይ በግዳጅ የሚሠራው ወጣት ሳጂ ሰው አልባ ገዳይ ማሽኖች በሠራተኞች ላይ ሲለቀቁ ያያል። ተመልካቹ የተመኘለት ሰላም መጥቶ ነው ይህ የሆነው።

በ«ዜታ» ላይ ትክክለኛ ቅሬታ የለም ማለት አይደለም። ስሞቹና ቡድኖቹ ይበዛሉ፤ ማን ከማን እንደሆነ ሳይነገር ውጊያው ይጀመራል። የ«ጥሩዎቹ» መርከብ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች ካሚልን በጥፊና በቡጢ «ሲያርሙት»፣ ፊልሙ ነገሩን እንደ ጤነኛ አስተዳደግ የሚያየው ይመስላል። በዚህ መውቀስ ይገባል። እነዚህ ቅሬታዎች ግን ፊልሙን በቁም ነገር አይተው የመጡ ናቸው። «እንደ ድሮው አይደለም» የሚለው ከእነሱ ጋር አይቆጠርም።

ቶሚኖ የተወለደው በ1941 ነው። አገሩ ስትሸነፍ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ያደገው የትናንቱን መፈክር ዛሬ በሚያፍሩበት አዋቂዎች መሐል ነው። እንዲህ ያለ ሰው የድል ታሪክ ጽፎ ሲያበቃ «ከዚያስ?» ብሎ ቢጠይቅ አይገርምም። የሚገርመው ጥያቄውን እንደ ስድብ የሚቆጥረው ተመልካች ነው።

ነገ ሌላ ተከታይ ይወጣል፤ ሜካም ይሁን ሌላ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች የሚያይ ሰው ድሮ የወደዳቸው ፊቶች ተመልሰው እንደሆነ ከማየቱ በፊት ሌላ ነገር ይፈልግ። ያሸነፉት አሁን ምን እየሠሩ ነው? መሣሪያው በማን እጅ ነው? እንክብሏ ውስጥ ያለችውስ ማን ናት? እነዚህን የማይጠይቅ ተከታይ ያረጀ ደስታ እያሞቀ ነው የሚያቀርበው። ጠይቆ ተመልካቹን ያስከፋ ተከታይ ግን ሥራውን ጀምሯል፤ ቢያንስ እስከ አራተኛው ክፍል ሊታገሱት ይገባል።